የአራተኛው ቁልፍ ነገር

በእኛ በአርትስ ፋኩልቲ ስለ ኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ ሲነሣ ፊቱን ወደ መስኮት የማያዞር ተማሪ ጥቂት ነው። «ይህ የሳይንሶቹ ጣጣ ነው» ይልና ወደ ሻዩ ይመለሳል። እኛም እስከ ዘንድሮ የካቲት ድረስ ከነዚሁ ወገን ነበርን። ዳሩ ግን አንድ ዲስክ ጠበበን፤ የጠበበውም ዲስክ የተቈለፈ ነበር፤ በተቈለፈውም ውስጥ ያለው ነገር የእኛ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ሳንወድ ተማርን። ከአንባቢዎቻችን መካከል ለመመረቂያ ጽሑፉ የሰው ድምፅ የሚቀዳና የሰው ምሥጢር በማሽኑ የሚይዝ ብዙ ስለ ሆነ፣ ይኸው ጥበት አንድ ቀን በርሱም ላይ መምጣቱ አይቀርምና የሆነውን ሁሉ እንጽፍለታለን።

ሦስት ነን። ሦስታችንም የሐረር ልጆች ስንሆን፣ ሁለታችን በጀጎል ውስጥ፣ አንዳችን ከሸዋ በር ውጭ ያደግን ነን። ካቻምና ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤታችን በገባን ጊዜ እናቶች ስለ ቤታቸው የሚያወሩትን በድምፅ መቅዳት ጀመርን። ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነው። ከእኛ የአንዱ አክስት በአፎቻቸው ቀን (አፎቻ በሐዘንና በሠርግ የሚረዳዳው የሐረሪዎች ማኅበር ነው) በጊድር ጋር ውስጥ ያሉት አምስቱ ነደባዎች፣ እነዚያ በቀይ ቀለም የተቀቡት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች፣ ለምን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ተቀማጭ እንዳላቸው ያስረዱን ነበር። ይህን ማን ጽፎታል ብለን ጠየቅናቸው። «ምን ያስጽፈዋል? ተቀምጠንበት የለም ወይ?» አሉን። በማግሥቱ መቅጃ ይዘን ሄድን።

በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም የድሮ መጻሕፍትንና የድምፅ ቅጂዎችን አሰባስቦ መያዙን እናውቅ ነበር፤ አንድ ሰው በገዛ ቤቱ የጀመረው ስብስብ እዚያ ከደረሰ እኛስ የአቅማችንን ብንሞክር ምን ቸገረን አልን። በዓመቱ 150 ሰዓት ሞላን። ሳይጨመቅ በሁለት መስመር የተቀዳ ድምፅ ለአንድ ሰዓት 635 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ድምፁ ብቻውን 95 ጊጋባይት ሆነ። የቤቶቹ ፎቶግራፍና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ ያዘ።

እናቶች ግን ስለ ነደባ ብቻ አላወሩም። አንዱ ወሬ ሌላውን እየሳበ፣ ማን ከማን ጋር በውርስ እንደ ተጣላ፣ የትኛው ግቢ በማን ዘመን በስንት እንደ ተሸጠ፣ ማን ልጁን ለማን አልሰጥም ብሎ እንደ ነበር ሁሉ ወጣ። ስማቸው የተነሣው ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በመኪና ግርግር ጎን ለጎን ተቀምጠው ልብስ ይሰፋሉ። ስለዚህ ቃል ገባን፤ ራሳችሁ ሰምታችሁ «ይሁን» ሳትሉ ሌላ ሰው አይሰማውም አልን።

ቃሉን መስጠት ቀላል ነው። ማሽናችን ግን በመዋጮ የተገዛ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ በሚኒባስ ከእኛ ጋር ይመላለሳል፤ አንድ ቀን ከጭናችን ላይ ተነሥቶ ቢሄድ የሚያስደንቅ አይሆንም። ብዙ ሰው ማሽኑን ሲከፍት የሚጠየቀው የይለፍ ቃል ዲስኩን የሚጠብቅለት ይመስለዋል። ዲስኩ ካልተመሰጠረ አይጠብቅለትም። ሌባው ዲስኩን ፈትቶ በሌላ ማሽን ላይ ቢሰካው ሁሉን እንደ ተከፈተ ደብተር ያነበዋል። ዲስኩ ከተመሰጠረ ግን ያው ሌባ የሚያገኘው ትርጉም የሌለው የቁጥር ዝናም ነው። በዊንዶውስ ዘንድ ይህን የሚሠራው ቢትሎከር ይባላል፤ በሊኑክስ ዘንድ የተለመደው ሉክስ ነው። የእኛ በሉክስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በተቈለፈው ክፍል ላይ የሚጻፈው ሁሉ ዋና ቁልፍ በተባለ ረጅም የዘፈቀደ ቁጥር ይመሰጠራል። ይህን ዋና ቁልፍ ባለቤቱ ራሱ አያውቀውም። የሚቀመጠው በክፍሉ መጀመሪያ ላይ፣ ራስጌ በምንለው ቦታ ነው፤ ራስጌው በአዲሱ ዓይነት ሉክስ ብዙ ጊዜ 16 ሜጋባይት ነው። በራስጌው ውስጥ እስከ 32 የሚደርሱ የቁልፍ ማደሪያዎች አሉ፤ በአሮጌው ዓይነት ስምንት ብቻ ነበሩ። እያንዳንዱ ማደሪያ ያንኑ አንዱን ዋና ቁልፍ በሌላ በሌላ የይለፍ ቃል ሸፍኖ ይይዛል። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያዩ ቃላት ይዘው አንዱን በር ይከፍታሉ። አንዱ ከማኅበሩ ቢወጣ የርሱ ማደሪያ ብቻ ይደመሰሳል፤ ዲስኩን እንደገና መመስጠር አያስፈልግም። ራስጌው ከተበላሸ ግን የሁሉም ቃል ከንቱ ነው፤ ቃሉን አሳምሮ የሚያስታውስ ሰው ቢለምን ቢያለቅስ አይከፈትለትም።

ይህን ሁሉ ከቀዳናቸው እናቶች ለአንዷ ለማስረዳት ሞከርን። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ነው፤ በጌይ ሲናን «አይ» እያልን እንጠራቸው ነበር፤ እናት ማለት ነው። ድምፅዎ ተቈልፎ ነው የሚቀመጠው፣ አይስጉ፣ አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ቁልፉ ማን ዘንድ ያድራል?» ሲሉ ጠየቁን።

አንባቢው እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሐረርን ማየት አለበት። ጀጎል የሚባለው ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው፤ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን በጥንት አምስት በሮች ብቻ ነበሩት፤ በአማርኛ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር የምንላቸው። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ሲመሽ ይዘጉና ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ቤት ይገቡ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ገብቶ ዐሥር ቀን ሲቀመጥ፣ መግባቱ እንዳለ ሆኖ መውጣቱ በአሚሩ ፈቃድ የታሰረ መሆኑን ተገንዝቦታል። እንዲህ ባለ ከተማ ያረጀ ሰው «ተቈልፏል» ቢሉት አይረካም፤ ቁልፉ የሚያድርበትን ቤት ይጠይቃል።

«ለሦስታችንም አንድ አንድ አለን» አልናቸው።

«እንግዲያው አራተኛው የእኔ ነው» አሉ።

ቀልድ መስሎን ሳቅን። እርሳቸው አልሳቁም። የላቲን ፊደል አያነቡም፤ የሚያነቡት የቁርኣኑን ፊደል ነው። የዐሥራ ስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ጠሩና ቃሉን በጆሮዋ ሹክ አሏት። እኛን «ዙሩ» አሉን። ዞርን። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ይጠይቃልና ልጅቱ ሁለት ጊዜ ጻፈችው፤ አራተኛው ማደሪያ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ቡና ተፈላ። «እኔ ባልኖር» አሉ ሲኒውን እያቀበሉን «እርሷ ትክፈተውና ትስማው፤ የሚወጣውንና የሚቀረውን እርሷ ትንገራችሁ»።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ዐረፉ። ከቅጂያቸው የመጨረሻውን ሦስት ሰዓት ራሳቸው ሳይሰሙት ቀረ። የልጅ ልጃቸውም ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። በእርግጥ በእኛ ቃል ከፍተን ቅጂውን በፍላሽ ልንልክላት እንችል ነበር፤ ልጅቱም ምንም ባላለች። ነገር ግን እርሳቸው የለቀቁት ነገር ቅጂ አልነበረም፤ ቁልፍ ነበር። ስትመጣ እርሷ ትክፈተው ብለን ተስማማን።

ዲስኩ የጠበበው ከዚህ በኋላ ነው።

ዲስካችን ሲሸጥ 500 ጊጋባይት ተብሎ ነው። ፋብሪካዎች በሺህ ሲቈጥሩ ዊንዶውስና ሌሎች ብዙ መሣሪያዎች በ1,024 ስለሚቈጥሩ፣ ያው 500 በማሽኑ ላይ 465 ተብሎ ይታያል። ይህ ልዩነት የነጋዴ ሽንገላ ይመስላል፤ የተመሰጠረ ክፍል ለሚነካ ሰው ግን ዋናው ጠላት ነው። በአንዱ መሣሪያ 200፣ በሌላውም 200 ብላችሁ ብታዙ ሁለቱ 200ዎች አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ በመካከላቸው የ14 ጊጋባይት ልዩነት አለ። ግድግዳው ከውስጡ ዕቃ ያነሰ ይሆንና የዕቃው ጫፍ ተቈርጦ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች የምንጠራው ቁጥር ሁሉ በ1,024 የተቈጠረ ነው።

ጥቃቅኖቹን የማስነሻ ክፍሎች ትተን፣ ዲስኩ ከግራ ወደ ቀኝ በሦስት የተከፈለ ነበር። መጀመሪያ 240 ጊጋባይት ለዊንዶውስ፣ ቀጥሎ 200 ለተቈለፈው የድምፅ ክፍል፣ በመጨረሻ 25 ለሊኑክሱ ሥርዓት። ከዊንዶውሱ የተያዘው 90 ብቻ ነው። የድምፁ ክፍል ግን እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ባለጠጋው ባዶ ሳሎኑን ይዞ ሲቀመጥ ባለ ብዙ ልጁ ጎረቤቱ በበሩ ላይ ይተኛል፤ ነገሩ ይኸው ነበር።

ከዊንዶውስ ክፍል መቀነስ በራሱ በዊንዶውስ መሣሪያ ቢሠራ ይሻላል። መጀመሪያ ስንጠይቀው 40 ጊጋባይት ብቻ ነው የምሰጣችሁ አለን፤ 150 ባዶ ይዞ! ምክንያቱ በክፍሉ መካከል ሊንቀሳቀሱ የማይችሉ ፋይሎች ስለሚቀመጡ ነው። ማሽኑ ሲያንቀላፋ የሚጽፈውን ፋይልና የማስታወሻ መደጎሚያውን ፋይል ለጊዜው አጥፍተን፣ ማሽኑን ዘግተን ከፍተን ብንጠይቀው 120 ፈቀደ። በቢትሎከር የተቈለፈ ዊንዶውስ ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት 48 አሐዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ይጻፍ፤ ቁጥሩን ያንኑ ሊቈለፍ በሚችል ማሽን ውስጥ ማስቀመጥ ቁልፍን በሣጥኑ ውስጥ ረስቶ መዝጋት ነው። ከሊኑክስ በኩል የሚነካው ከሆነም ምስጠራውን አስቀድሞ ለጊዜው ያግደው። ማሽኑንም በፈጣን አነሣስ ሳይሆን ፈጽሞ ይዝጋው፤ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያለ ዊንዶውስ ክፍሉን እንደ ያዘ ነው።

እንግዲህ 120 ጊጋባይት ተገኘ። የተገኘው ግን በተቈለፈው ክፍል በስተግራ ነው። ክፍል በስተቀኝ ሲያድግ መጨረሻው ብቻ ይገፋል፤ በስተግራ ሲያድግ መጀመሪያው መንቀሳቀስ አለበት፤ መጀመሪያው ደግሞ ራስጌው ያለበት ነው፤ በራስጌውም ውስጥ አራተኛው ቁልፍ አለ።

በዚህ ላይ ሦስታችን በሦስት ተከፈልን።

አንዱ፣ ክፍሉን ባለበት ዲስክ ላይ ወደ ግራ እንጐትተው አለ። የሚሠሩት መሣሪያዎች አሉ። የተመሰጠረ ክፍል ግን ከውጭ ሲታይ ባዶውም ሙሉውም አንድ ዓይነት ስለ ሆነ 200ው ሁሉ ከነባዶው ተነቦ እንደገና መጻፍ አለበት። አሮጌ ዲስክ ያነበበውን በዚያው በራሱ ላይ ሲጽፍ በሰከንድ 25 ሜጋባይት ቢሄድ ሥራው ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። የላፕቶፓችን ባትሪ የሚቈየው ሃያ ደቂቃ ነው። በመካከል መብራት ቢጠፋ ግማሹ በአዲሱ ቦታ፣ ግማሹ በአሮጌው ይቀራል፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ እየተጻፈ ስለሚሄድም ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። በሐረር ስለ መብራት የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሐሳብ ድምፅ አይሰጥም።

ሁለተኛው፣ ፋይሎቹን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጠን፣ የተቈለፈውን ክፍል አፍርሰን፣ ሰፊ አዲስ የተቈለፈ ክፍል እንሥራና እንመልሳቸው አለ። ከሁሉ ቀላሉ ይህ ነው፤ ለአንባቢውም በብዙው ይህንኑ እንመክራለን። ነገር ግን አዲስ ክፍል ማለት አዲስ ራስጌ፣ አዲስም ዋና ቁልፍ ማለት ነው። የእኛን ሦስት ቃላት እንደገና ማስገባት እንችላለን። አራተኛውን አናውቀውም።

ሦስተኛው፣ ያለውን አንንካ፤ በተገኘው 120 ላይ ሁለተኛ የተቈለፈ ክፍል ብቻ እንሥራ አለ። ሐረር ራሷ ያደረገችው ይህንኑ አይደለም ወይ ሲል ተከራከረ። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከገቡ በኋላ ከተማው በስተምዕራብ ከግንቡ ውጭ ሰፋ፤ ለመኪና የሚሆን በርም ተከፈተ፤ ግንቡን ግን ማንም አልገፋውም፤ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው እንደ ቆመ ነው ያገኘው። ክርክሩ ጥሩ ነው። ሆኖም በጀጎል ውስጥ ያደግነው ሁለታችን የዚያን ነገር ሌላውን ጎን እናውቃለን፤ ግንቡ ሳይሰፋ ቤተ ሰብ ሲበዛ ግቢው ይከፈላል፣ ጊድር ጋሩ በግድግዳ ለሁለት ይቈረጣል፣ ነደባውም ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀራል። የአንዲት እናት ቃል በሁለት ሣጥን ተከፍሎ፣ በየጊዜው ሁለት በር እየተከፈተ መሰማቱ አልጣመንም። ሌላ ካልተገኘ እርሱን እናደርጋለን ብለን አቈየነው።

መፍትሔው የመጣው በፈረስ መጋላ አካባቢ ኮምፒዩተር ከሚጠግን ሰው ነው። ነገራችንን ሁሉ በትዕግሥት ሰማና «ለምን ትከፍቱታላችሁ?» አለን። «ቤቱን ከነበሩ አንሡት»።

የነገረን እንዲህ ነው። የተቈለፈውን ክፍል ሳትከፍቱ፣ እንደ ተቈለፈ፣ ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ መጨረሻው ነጥብ በውጭ ዲስክ ላይ ቅዱት። ራስጌው የክፍሉ አካል ነውና አብሮ ይቀዳል፤ አራቱም ማደሪያዎች አብረው ይሄዳሉ። ሉክስ ቦታውን የሚቈጥረው ከክፍሉ መጀመሪያ ስለ ሆነ፣ ክፍሉ በዲስኩ ላይ የትም ቢቀመጥ ግድ የለውም። ቅጂው ትክክል መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ አሮጌውን ክፍል ሰርዙ፤ ወደ ግራ የሚጀምር ሰፊ ክፍል ሥሩ፤ ቅጂውን በዚያ መጀመሪያ ላይ መልሱት። ቃሎቹ ሁሉ እንደ ነበሩ ናቸው። ደግሞም በውጭው ዲስክ ላይ የሚያርፈው የተመሰጠረው ስለ ሆነ፣ የማንም ዲስክ ቢሆን ምሥጢሩ አይወጣም።

ፋይልን መቅዳትና ክፍልን መቅዳት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ያን ቀን ነው የተረዳነው። ፋይል የሚቀዳ ሰው ዕቃውን ከቤት እያወጣ ይጭናል፤ ለዚያም በሩን መክፈት አለበት። ክፍል የሚቀዳ ሰው በሩን አይነካም።

ከአንድ ወዳጃችን 1 ቴራባይት ዲስክ ተዋስን። ከሁሉ በፊት የራስጌውን ብቻ ቅጂ በፍላሽ ያዝን፤ ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ ከሉክስ ጋር አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ቅጂ ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ዛሬ የያዝነው የራስጌ ቅጂ ዛሬ የሚሠሩትን ቃሎች ሁሉ ይዟል። ነገ አንዱን ቃል ብንሰርዝ ከዲስኩ ላይ ይሰረዛል፤ ከፍላሹ ላይ ግን አይሰረዝም፤ ፍላሹንና ዲስኩን አንድ ላይ ያገኘ ሰው በተሰረዘው ቃል ይገባል። ስለዚህ ያ ፍላሽ እንደ ዲስኩ ሁሉ መጠበቅ፣ ቃልም በተለወጠ ቍጥር በአዲስ መተካት አለበት። ከዲስኩ ጋር በአንድ ቦርሳ የሚይዘው ሰው ባይይዘው ይሻለዋል።

ከዚያ ማሽኑን ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ አስነሥተን፣ የተቈለፈው ክፍል አለመከፈቱን አይተን፣ ማታ በሁለት ሰዓት ቅጂውን ጀመርን። ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ሁለታችን በጨለማው ውስጥ ሥራውን ወደ ጠየቀው ጓደኛችን፣ ወደዚያ «እንጐትተው» ወዳለው፣ ዞርን፤ ፊቱ በማሽኑ ብርሃን ይታየን ነበር፤ ምንም አልተናገረም። ባትሪው ሳያልቅ ሥራውን በደንቡ አቁመን ዘጋን። ዋናው ክፍል ሲነበብ እንጂ ሲጻፍበት ስላልነበረ አንዲት ነጥብ አልተነካበትም። በማግሥቱ ረፋድ ላይ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርንና ጨረስን።

ቀጥሎ ማረጋገጥ ነው። የዋናውንና የቅጂውን ይዘት ሁሉ አንብቦ ወደ 64 ፊደል ማኅተም የሚለውጥ ስሌት አለ፤ ሻ-256 ይሉታል። በዋናው ላይ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ማኅተሙ ሌላ ይሆናል። ሁለቱን ማኅተሞች ማሽኑ ራሱ ሊያስተያያቸው ይችል ነበር፤ እኛ ግን አንዱ እያነበበ ሁለቱ እየተከተሉ፣ እንደ መድረሳ ልጆች ጮክ ብለን አነበብናቸው። አንድ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ነው አሮጌውን ክፍል የሰረዝነው፤ ማን ይሰርዝ በሚለው ላይ ትንሽ መገፋፋት ነበር።

ሰፊው ክፍል 320 ሆኖ ተሠራ፤ ቅጂው በመጀመሪያው 200 ላይ ተመለሰ፤ ያንኑ 200 እንደገና አንብበን ማኅተሙን አስተያየን። በየቃላችን ከፈትነው። ሦስቱም ሠሩ።

ማስፋት ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሄድ ሥራ ነው። መጀመሪያ ክፍሉ፣ ቀጥሎ የምስጠራው ሣጥን፣ በመጨረሻ በውስጡ ያለው የፋይል ሥርዓት ይሰፋል። የምስጠራው ሣጥን ክፍሉ ከሰፋ በኋላ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ራሱ እስከ ግድግዳው ይዘረጋል። የፋይል ሥርዓቱ ግን አስፋኝ ካልተባለ በአሮጌው ልኩ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ሰው ክፍሉን አስፍቶ «የት አለ ቦታው?» ብሎ ይደነግጣል። ጤናውን መርምረን እንዲሰፋ አዘዝነው፤ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የፈጀው።

ማጥበብ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ከውስጥ ወደ ውጭ ይሂድ። መጀመሪያ የፋይል ሥርዓቱን፣ ቀጥሎ ሣጥኑን፣ በመጨረሻ ክፍሉን። በሊኑክስ የተለመደው ኤክስት-4 የሚጠበው ሥራ ላይ ሳይሆን ተነቅሎ ነው፤ ኤክስኤፍኤስ የተባለው ከነጭራሹ አይጠብም። የፋይል ሥርዓቱንም ከሚፈለገው በላይ ጥቂት ጊጋባይት አጥብቦ፣ ክፍሉን በሚፈለገው ልክ ካደረገ በኋላ መልሶ እስከ ግድግዳው ይዘርጋው፤ ያኔ የ1,000ና የ1,024 ጣጣ አያገኘውም። ራስጌው የሚይዘውንም ቦታ አይርሳ።

የቀረው አራተኛው ቁልፍ ነው። በስሌቱ ከሆነ ጥርጥር አልነበረበትም፤ ማኅተሙ አንድ ከሆነ ራስጌው አንድ ነው፤ ራስጌው አንድ ከሆነ ማደሪያው አለ። ነገር ግን ልንሞክረው የማንችለው በር እርሱ ብቻ ስለ ነበር ስሌቱ አላስተኛንም። ልጅቱ ቃሉን ብትረሳውስ? በሌላ የቁልፍ ሰሌዳ አቀማመጥ ጽፋው ከነበረስ? የውጭውንም ዲስክ ለባለቤቱ ሳንመልስ አቈየነው። ረመዳን ገባ። ወዳጃችን ዲስኩን ሦስት ጊዜ ጠየቀን፤ ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተለውጦ ነበር።

በዚህ መካከል ከእኛ አንዱ፣ ቃል የገባነው ስለ ምስጠራ ነው ወይስ ስለ መጠበቅ ብሎ ጠየቀ። ማሽኑ ተከፍቶ ሻይ ልንጠጣ ወጥተን ነበርና ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምስጠራ የሚሠራው በሩ ሲዘጋ ብቻ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ በማሽኑ ፊት የተቀመጠ ሁሉ ባለቤት ነው። የሐረር ዕጣ የተቈረጠው በበሮቿ ላይ ሳይሆን ጨለንቆ ሜዳ ላይ አልነበረም ወይ? ግንቡ እንደ ቆመ ከተማው ተያዘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሻይ ስንወጣ ክፍሉን እንዘጋለን።

ልጅቱ ለሹዋልኢድ መጣች። ከበዓሉ ማግሥት ከአክስቷ ጋር በአያቷ ቤት ተቀበለችን፤ ማሽኑን በጊድር ነደባ ላይ አስቀመጥንላት። «ዙሩ» አለች። ዞርን።

ሉክስ ቃል ሲሰጠው ወዲያው አይመልስም፤ የሚገምት ሌባ በሰከንድ ሚሊዮን ቃል እንዳይሞክርበት ሆን ተብሎ ይዘገያል፤ በእኛ ማሽን ለአንድ ማደሪያ ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ማደሪያዎቹንም በተራ ነው የሚሞክራቸው። የእኛ ሦስቱ ከፊት ስለ ሆኑ የአራተኛው ባለቤት ስምንት ሰከንድ መጠበቅ አለበት። ይህን አስቀድመን ልንነግራት ረስተን ነበር፤ እኛም ግድግዳውን እያየን፣ በዚያ ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች እየቈጠርን ጠበቅን።

«ተከፈተ» አለች።

ሦስቱን ሰዓት በጆሮ ማዳመጫ ብቻዋን ሰማችው። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ሳቀች፤ አንድ ጊዜ አቁማ ከአክስቷ ጋር በጌይ ሲናን በዝቅተኛ ድምፅ ተነጋገሩ። ሲያበቃ ከሁለተኛው ሰዓት ዐሥራ አንድ ደቂቃ ይቅር አለች፤ ከየት እስከ የት እንደ ሆነ በወረቀት ጻፈችልን፤ የቀረው ይሁን። ፋይሉ ለምን «ቁጥር 17» እንደ ተባለ ጠየቀችን፤ ስማቸው በፋይሉ ላይ እንዳይታይ ነው አልናት። በዚያው ማታ ዲስኩን አጥፍተን ለወዳጃችን መለስንለት።